ተረትና እውነታ፦ ዓይኑ የጠበበ መረብ ብዙ ዓሣ ይይዛል?

በሐዋሳ ከተማ ጉዱማሌ ላይ ቆሞ ሐይቁን ለሚያይ ሰው ውኃው የማያልቅ ጎተራ ሊመስለው ይችላል። የሐዋሳ ሐይቅ ግን 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ ከ20 ሜትር ብዙም የማያልፍ፣ የሚታይ መውጫ ወንዝ የሌለው ትንሽ ሐይቅ ነው። ለገበያ የሚቀርበው ዓሣ በዋናነት ሦስት ዓይነት ነው፦ ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ። ከሦስቱም የአስጋሪውን ገቢ በብዛት የሚሸከመው ቆሮሶ ነው። ስለዚህ በዚህ ሐይቅ ላይ የማጥመጃ ምርጫ የአንድ ሰው የግል ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የከርሞውን ዓሣ መጠን ይወስናል። ስለ ምርጫው ከሚነገሩት እምነቶች ውስጥ ብዙዎቹ ሲመረመሩ አይጸኑም።

ተረት፦ ጠባብ ዓይን ትንሹንም ትልቁንም ይይዛል።

እውነታ፦ ውኃ ውስጥ ተዘርግቶ የሚያድር መረብ እንደ ወንፊት አይሠራም። ዓሣው ጭንቅላቱን በመረቡ ዓይን ያስገባል፤ ሰውነቱ መሐል ላይ ስለሚሰፋ ማለፍ ያቅተዋል፤ ወደ ኋላ ልመለስ ሲል ደግሞ ክሩ በስንጥቡ ክዳን ላይ ይጠልቅበታል። ከዓይኑ በጣም ያነሰው ሾልኮ ያልፋል፤ በጣም የበለጠው ጭንቅላቱ ስለማይገባለት ገፍቶት ይመለሳል። እያንዳንዱ የዓይን ስፋት የሚይዘው በአንድ ጠባብ የቁመት ክልል ውስጥ ያለውን ዓሣ ነው። ቆሮሶ የጀርባው ክንፍ እሾሃማ በመሆኑ አልፎ አልፎ ትልቁም በጠባብ መረብ ሊተበተብ ይችላል፤ ይህ ግን አጋጣሚ እንጂ የመረቡ ዋና ሥራ አይደለም። ስለዚህ ዓይኑን ያጠበበ አስጋሪ በያዘው ላይ አልጨመረም፤ ትልቁን ትቶ ትንሹን መረጠ እንጂ።

ተረት፦ ትንንሹም ቢሆን ሲደማመር ኪሎ ይሞላል።

እውነታ፦ የዓሣ ክብደት ከቁመቱ እጅግ ፈጥኖ ያድጋል። ቅርጹ ሳይለወጥ ቁመቱ እጥፍ ቢሆን ክብደቱ ስምንት እጥፍ ገደማ ይሆናል። በዚሁ ስሌት 25 ሴንቲ ሜትር የደረሰ አንድ ቆሮሶ 15 ሴንቲ ሜትር የሆኑ አራት ቆሮሶዎችን ያክላል፤ እንዲያውም ይበልጣል። ሁሉም እስኪያድጉ ባይተርፉም፣ የተረፉት ሲያድጉ የሚጨምሩት ሥጋ የጠፉትን ብዙ ጊዜ ይክሳል። ከሥጋው በላይ ደግሞ ዘሩ አለ። የቆሮሶ እናት ዕንቁላሏንም ጫጩቶቿንም በአፏ ይዛ ታሳድጋለች፤ ስለዚህ በአንድ ጊዜ የምታፈራው ዕንቁላል ውኃ ላይ በትነውት ከሚሄዱ ዓሦች ጋር ሲነጻጸር በጣም ጥቂት ነው። ትልቋ እናት ከትንሿ የበለጠ ትይዛለች። አንድ ጊዜ እንኳ ሳትወልድ የተያዘች ዓሣ ከራሷ ጋር ልጆቿንም ይዛ ትወጣለች።

ተረት፦ መረብ እንጂ መንጠቆ ጉዳት የለውም፤ ደግሞም መሣሪያው በገዘፈ መጠን ይሻላል።

እውነታ፦ መንጠቆም ይመርጣል፤ ጥያቄው ማንን ነው የሚለው ነው። በጣም ትንሽ መንጠቆ ጫጩቱም ስለሚውጠው አንጀቱ ላይ ይሰካል፤ ቢለቀቅም የመትረፍ ዕድሉ ይመነምናል። መንጠቆ ገዢን ደግሞ ቁጥሩ ያሳስተዋል፤ በተለመደው አቆጣጠር ቁጥር 10 መንጠቆ ከቁጥር 6 ያንሳል። ግዝፈትም ጥራት አይደለም። ሐይቃቸው ክረምት በበረዶ በሚሸፈንባቸው አገሮች በረዶውን በስተው የሚያጠምዱ ሰዎች መዳፍ የምትሞላ ትንሽ የክር መጠቅለያ ይመርጣሉ፤ ክሩን ሩቅ መወርወር ሳያስፈልጋቸው ቁልቁል ስለሚያወርዱት፣ ቀጭን ክርም ስለሚበቃቸው ነው። ትምህርቱ ለሐዋሳም ይሠራል፦ መሣሪያ የሚለካው ከሚፈለገው ዓሣና ከውኃው ጋር ነው። አዳኙ አምባዛ ጠንካራ ክርና ትልቅ መንጠቆ ይፈልጋል፤ ትንሽ አፍ ላለው ቆሮሶ ያው መሣሪያ ከንቱ ነው።

የመረብን ዓይን ማጥበብ ይቅር በሚለው ሐሳብ ላይ ሁለት ክብደት ያላቸው ተቃውሞዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው ከሳይንስ የመጣ ነው። አንዳንድ ተመራማሪዎች ትልልቁን ብቻ እየመረጡ ማጥመድ የዓሣውን ሚዛን ስለሚያዛባ ከሁሉም መጠንና ከሁሉም ዓይነት፣ ምርታማነቱ በሚፈቅደው ልክ መውሰድ ይሻላል ይላሉ፤ በአፍሪካ ሐይቆች ጠባብ መረብ ሁልጊዜ ጥፋተኛ እንዳልሆነም ያስረዳሉ። ክርክሩ ሊናቅ አይገባም። ነገር ግን እነሱ የሚሉት ሸክሙ በብዙ ዓይነት ዓሣ ላይ ሲከፋፈል ነው። በሐዋሳ ሐይቅ ዋናው ሸክም ያረፈው በአንድ ዓይነት ላይ ነው፤ ልጆቹን በአፉ በሚያሳድግ ቆሮሶ ላይ። በዚህ ሁኔታ መረብ ማጥበብ ሚዛን መጠበቅ ሳይሆን ያንኑ አንዱን ከልጅነቱ ጀምሮ ማሳደድ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የኑሮ ነው፦ ዛሬ ለልጆቹ እንጀራ የሚፈልግ አስጋሪ ከርሞን እንዴት ይጠብቅ? በእርግጥም መረቡን ብቻውን ያሰፋ ሰው የተወውን ዓሣ ጎረቤቱ ይወስድበታል፤ ብቻውን መታገሥ ኪሳራ ነው። ይህ ግን መረብ ማጥበብን ትክክል አያደርገውም፤ መፍትሔው የጋራ መሆን እንዳለበት ያሳያል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ማስገርን በሥርዓት ለመምራት ወጥቷል፤ ሆኖም በየታንኳው ፖሊስ ማቆም አይቻልም። ሕግን የሚያጸናው የማኅበረሰቡ ስምምነት ነው፤ ለዚህ ደግሞ ጉዱማሌ ራሱ ምስክር ነው። የሲዳማ ሕዝብ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላ እዚህ ይከበራል፤ በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዩኔስኮ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። በበዓሉ ሽማግሌዎች ከሚሰጡት ምክር አንዱ አገር በቀል ዛፍ እንዳይቆረጥ ነው። ዛፍን በምክርና በስምምነት መጠበቅ የሚያውቅ ማኅበረሰብ ዓሣውንም በዚያው መንገድ መጠበቅ ይችላል።

እንግዲህ መረብ የሚገዛ ሰው መጠየቅ ያለበት «ስንት ዓሣ ይይዛል?» ብሎ አይደለም፤ «ምን ያህል ቁመት ያለውን ዓሣ ይይዛል? ያ ዓሣስ ወልዷል ወይ?» ብሎ ነው። አስጋሪዎች በማኅበራቸው አንድ ዝቅተኛ የዓይን ስፋት ቢስማሙ፣ ከዚያ የጠበበውን መረብ ነጋዴው ባይሸጥ፣ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የሚመጣው ገዢም መዳፍ የማይሞላውን ቆሮሶ አልፈልግም ቢል፣ የመታገሡ ዋጋ በአንድ ድሃ ትከሻ ላይ አይወድቅም፤ ትልቁ ዓሣ ሲመለስም የሚጠቀመው ሁሉም ነው።