መርዶ ሳይነገር የተያዘ መቀመጫ

ሰው በአገሩና በዘመዱ መካከል ሳለ የሞት ወሬ በመጣበት ጊዜ፣ የመርዶው ሥርዐት የታወቀ ነው። ሽማግሌዎችና የቅርብ ወዳጆች ይመካከራሉ፤ ኀዘንተኛው በመንገድ ወይም በሥራ ላይ ሳለ በድንገት እንዳይሰማ ይጠነቀቃሉ፤ ገና ሳይነጋም ወደ ቤቱ ሄደው በሩን ያንኳኳሉ። ይህ ልማድ ወገኖቻችን ባሕር ተሻግረው በተቀመጡበት አገር ሁሉ አብሯቸው ሄዷል። በዋሽንግተንም ሆነ በለንደን፣ በሮማም ሆነ በዱባይ፣ ዛሬም ቢሆን ከአገር ቤት ስልክ የሚደወለው በመጀመሪያ ለኀዘንተኛው ሳይሆን ለጓደኛው ነው። ዳሩ ግን በባዕድ አገር በዚህ ልማድ ላይ አንድ አዲስ ሥራ ተጨምሮበታል፤ ይኸውም መርዶው ከመነገሩ በፊት በኀዘንተኛው ስም በአውሮፕላን ላይ መቀመጫ ማስያዝ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዋሽንግተን አካባቢ እንዲህ ላለ ምክር ከተሰበሰቡት ወዳጆች መካከል እኔም ነበርሁ። የአንዲት እኅታችን እናት በደብረ ብርሃን አጠገብ አርፈው ነበር። ዘመዶቿም ልጃቸው ትደርስ እንደ ሆነ ብለው ቀብሩን እስከ ሦስተኛው ቀን ሊያቆዩ ፈቀዱ። በአገራችን ሬሳ ሳይቀበር ማሳደር ምን ያህል የሚከብድ መሆኑን የሚያውቅ ሁሉ፣ ይህ ፈቃድ ቀላል እንዳልነበረ ይረዳዋል። ከእኛ አንዱ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ወደ አንድ አየር መንገድ ስልክ ደውሎ፣ በማግስቱ ረፋድ በሚነሣው አውሮፕላን ላይ መቀመጫ አስያዘላት። ፊደልና ቍጥር የተቀላቀለበት ስድስት ምልክት በወረቀት ላይ ጽፎ አመጣ፤ እኛም «ተያዘላት» ብለን እግዚአብሔርን አመስግነን ተለያየን። መርዶው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነገራት። ለቅሶው ጥቂት በረድ ሲል፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ገንዘቡን ለመክፈል ብንደውል፣ የተያዘው ቦታ እኩለ ሌሊት ላይ እንደ ተሰረዘ፣ መቀመጫውም ለሌላ መንገደኛ እንደ ተሸጠ ተነገረን። ቀጥሎ የተገኘው ቦታ ከሦስት ቀን በኋላ ነበር። እናቷ ያለ እርስዋ ተቀበሩ።

በዚያ ጧት በአየር መንገዱ ላይ ያልተናገርነው ክፉ ቃል አልነበረም። ኋላ ግን ነገሩን ረጋ ብዬ ስመረምረው፣ ስልኩን ያነሣው ሠራተኛ ያደረገብን በደል እንዳልነበረና እኛ ግን አንድ ጥያቄ ሳንጠይቅ እንደ ቀረን ተረዳሁ። ጥያቄውም «እስከ ስንት ሰዓት ይቆይልናል?» የሚል ነበር።

ብዙ ሰው እንደ አንድ ነገር የሚቈጥራቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ መቀመጫ ማስያዝና ትኬት መቍረጥ። መቀመጫ ሲያዝ የሚሰጠው ምልክት በስድስት ፊደላትና ቍጥሮች የተሠራ ነው። ይህም ስማችን በአየር መንገዱ መዝገብ መግባቱን ያስረዳል እንጂ መቀመጫው የእኛ መሆኑን አያረጋግጥም። ትኬት የተቈረጠ እንደ ሆነ ግን 13 አኃዝ ያለው ቍጥር ይሰጣል፤ ከእነዚህም የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የአየር መንገዱ መለያ ናቸው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ትኬት ለምሳሌ በ071 ይጀምራል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል የቆመው የመክፈያ ጊዜ ገደብ ነው። ገደቡ ሲያልቅ መዝገቡ ማንንም ሳያማክር ስማችንን ይፍቀዋል። ጕዞው ገና ወራት የቀሩት ሲሆን ገደቡ የቀናት ዕድሜ ሊኖረው ይችላል፤ የመነሻው ቀን በቀረበ መጠን ግን እያጠረ ሄዶ ጥቂት ሰዓቶች ብቻ ይቀሩታል፤ አንዳንድ ጊዜም ከነጭራሹ ሳይከፈል የሚያዝ ቦታ አይኖርም።

ይህ ጭካኔ የሚመስለው ነገር ምክንያት አለው። ያልተሸጠ እህል በጎተራ ይቆያል፤ ያልተሸጠ ሸማም በሣጥን ይቀመጣል፤ የአውሮፕላን መቀመጫ ግን በሩ በተዘጋ ጊዜ ዋጋው ከእርሱ ጋር ይጠፋል። ስለዚህ ገንዘብ ያልተከፈለበት ስም መቀመጫውን ይዞ በቆየ ቍጥር፣ ገንዘቡን ይዞ የቆመ ሌላ ሰው ይመለሳል።

በቀድሞው ዘመን ይህን ሁሉ የሚቈጣጠሩት በእጅ የሚጽፉ ሠራተኞች ነበሩ። በአሜሪካን ኤርላይንስ ቤት ሠራተኞቹ የበረራ ካርዶች የተደረደሩበትን ተሽከርካሪ ጠረጴዛ ከብበው ተቀምጠው ይሠሩ ነበር፤ አንድ መቀመጫ አስይዞ ጕዳዩን ለመጨረስም በአማካይ 90 ደቂቃ ይፈጅ እንደ ነበር ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1953 የዚያ አየር መንገድ ፕሬዚዳንት ሲ. አር. ስሚዝ ከሎስ አንጀለስ ወደ ኒው ዮርክ ሲበር፣ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ብሌር ስሚዝ የተባለ የአይ ቢ ኤም ሻጭ ሆኖ ተገኘ። የስማቸው መመሳሰል ጨዋታ ከፈተላቸው፤ ከዚያም ጨዋታ ሴበር የተባለው የኮምፒዩተር መዝገብ ተወለደ። በ1964 ሥራው በተሟላ ጊዜ፣ የሰዓቱ ሥራ በሰከንዶች የሚያልቅ ሆነ። ጥቅሙን ማንም አይክድም። ነገር ግን የድሮው ሠራተኛ «እናቷ ሞተውባት ነው» ሲባል ካርዱን ለጥቂት ጊዜ ወደ ጎን ሊያቆየው ይችል ነበር፤ መሣሪያው ግን እኩለ ሌሊት ሲደርስ የእኛን መርዶ አያውቅም።

መንግሥታት ለመንገደኛው ምን አደረጉለት ቢባል፣ በዚህ ረገድ ከሁሉ የሚታወቀው የአሜሪካ ደንብ ነው። የዚያ አገር የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ደንብ መሠረት፣ አየር መንገዶች ከሁለት አንዱን እንዲያደርጉ ይገደዳሉ፤ ወይም መቀመጫውን በተነገረው ዋጋ ያለ ክፍያ 24 ሰዓት ይዘው ያቆያሉ፤ ወይም መንገደኛው ከከፈለ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢሰርዝ ያለ ቅጣት ገንዘቡን ሁሉ ይመልሳሉ። አብዛኞቹ ሁለተኛውን መርጠዋል። ስፒሪት የተባለው አየር መንገድ ከሌሎች ጋር ሆኖ ይህን ደንብ በፍርድ ቤት ቢቃወምም፣ በ2012 ደንቡ ጸንቶ ቀረ። ወደ አሜሪካ የሚበሩና ከዚያ የሚነሡ የውጭ አገር አየር መንገዶችም በዚሁ ይታሰራሉ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ግን እንዲህ ያለ አስገዳጅ የ24 ሰዓት ሕግ የለም።

ዳሩ ግን የአሜሪካው ደንብ ሁለት ቀዳዳዎች አሉት። አንደኛው፣ የሚያስገድደው ከአየር መንገዱ ከራሱ የተገዛውን ትኬት እንጂ በጕዞ ወኪል ወይም በሌላ የኢንተርኔት ሻጭ በኩል የተገዛውን አለመሆኑ ነው። ሁለተኛውና ለእኛ ነገር ዋናው፣ ደንቡ የሚሠራው አውሮፕላኑ ሊነሣ ሰባት ቀን ወይም ከዚያ በላይ ሲቀረው ብቻ መሆኑ ነው። እንግዲህ ለሽርሽር የሚሄደው ሰው አንድ ሙሉ ቀን ተሰጥቶት ሲያስብ ያድራል፤ ነገ ለቀብር የሚሮጠው ኀዘንተኛ ግን በሕጉ ጥላ ሥር አይገባም። ነጋዴዎቹ የሚሉት ይገባኛል፤ ነገ የሚነሣን መቀመጫ ለ24 ሰዓት ይዞ ማቆየት ባዶውን ማብረር ነው። ቢሆንም ማሰብ የተሳነው ሰው የማሰቢያ ጊዜ ሲነፈገው፣ ሕጉ ፊቱን ያዞረበት ሰው ማን እንደ ሆነ ሳይናገሩ ማለፍ አይቻለኝም።

ስለዚህ መርዶ ለመንገር የተሰበሰበ ወዳጅ ሁሉ ጕዳዩን በዚያው ሌሊት ቈርጦ መነሣት ይገባዋል። አየር መንገዱ የሚሰጠው የመያዣ ሰዓት መርዶው ከሚነገርበት ሰዓት ያለፈ መሆኑን መጠየቅ፣ ሰዓቱም በየትኛው አገር አቈጣጠር እንደ ሆነ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሰዓቱ የማይደርስ ከሆነ፣ ዕድሩ ወይም ማኅበሩ አዋጥቶ ትኬቱን መቍረጥ ነው። ከመክፈሉም በፊት «ቢሰረዝ ምን ያህሉ ይመለሳል? ቀኑ ቢለወጥስ ምን ይከፈላል?» ብሎ መጠየቅ ያሻል። አንዳንድ አየር መንገዶች ከሕጉ አልፈው ለቅርብ ጕዞም የመሰረዣ ጊዜ ይሰጣሉ፤ የጕዞ ወኪልም አብዛኛውን ጊዜ የቈረጠውን ትኬት በዚያው ዕለት ሊያስቀረው ይችላል። ነገር ግን ይህ ሁሉ አስቀድሞ ለጠየቀ ነው።

ለኀዘንተኛ ስለሚደረገው ቅናሽም ብዙ ይወራል። በቀድሞ ጊዜ ይህ ቅናሽ በአሜሪካ የተለመደ ነበር፤ አሜሪካን ኤርላይንስና ዩናይትድ ግን እ.ኤ.አ. በ2014 አስቀርተውታል። የሚሰጡትም አየር መንገዶች የሟቹን ስምና ዝምድናውን፣ የቀብሩንም ስፍራ ይጠይቃሉ። በካናዳ የሆነውን መስማት ይጠቅማል። አንድ ሰው በኅዳር 2022 አያቱ አርፈውበት፣ በኤር ካናዳ ድረ ገጽ ላይ ለጠያቂ በራሱ የሚመልሰውን መሣሪያ ስለዚህ ቅናሽ ጠየቀው። መሣሪያውም በሙሉ ዋጋ ገዝቶ ቅናሹን በ90 ቀን ውስጥ መጠየቅ እንደሚችል መለሰለት። ከተመለሰ በኋላ ቢጠይቅ፣ ቅናሹ ከጕዞ በኋላ እንደማይሰጥ ተነገረው። ኩባንያው መሣሪያው ለሚናገረው ራሱ ኀላፊ እንደ ሆነ አድርጎ ተከራከረ፤ እኔ እንኳ ይህን ሳነብ ሣቄን መያዝ አልቻልሁም። የብሪቲሽ ኮሎምቢያ የክርክር መፍቻ ጉባኤ በየካቲት 2024 ክርክሩን ጥሎ፣ ኩባንያው 650 የካናዳ ዶላር ያህል ካሣ ከወለዱና ከኪሣራው ጋር እንዲከፍል ፈረደ። ሰውዬው የረታው የመሣሪያውን ቃል በሥዕል አስቀርቶት ስለ ነበር ነው።

ሌላም መነገር ያለበት ልማድ አለ። ወዳጆች በጭንቀት ብዛት በሦስት አየር መንገዶች ሦስት መቀመጫ ያስይዙና በአንዱ ሲሄዱ ሁለቱን ሳይሰርዙ ይተዋሉ። በዚያው ሌሊት ለሌላ ቀብር የሚሮጥ ሌላ ሰው «ሞልቷል» ተብሎ መመለሱን ማን ያስባል? አየር መንገዶች ከመቀመጫቸው በላይ የሚሸጡትም፣ ካሉባቸው ምክንያቶች አንዱ አስይዞ የሚቀር ሰው መብዛቱ ነው። ለሸማቾች መብት በመሟገት የታወቀው ራልፍ ኔደር እ.ኤ.አ. በ1972 ትኬቱን ይዞ ሳለ ከአሌጌኒ አየር መንገድ በረራ የቀረው በዚህ ምክንያት ነበር፤ ጕዳዩም እስከ አገሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1976 ክሱ ሊሰማ እንደሚገባው ተወሰነለት። የከፈለም ሰው ቢሆን ሳይሰርዝ ከመሄጃው በረራ ቢቀር፣ መመለሻው ጭምር እንደሚሰረዝበት ማወቅ አለበት።

ወደ እኅታችን ልመለስ። ቀብሩ ካለፈ በኋላ፣ ከሦስት ቀን በኋላ የተገኘውን ቦታ መውሰዱን ትታ ለአርባው እንድትሄድ የንስሓ አባቷ መከሯት። ይህ ምክር ለነፍስ ብቻ ሳይሆን ለኪስም የሚበጅ ሆኖ ተገኘ፤ አርባው ከሰባት ቀን በላይ ስለሚርቅ፣ ለቀብሩ ያልደረሰላት ሕግ ለተዝካሩ ደረሰላት። ትኬቱን በቀጥታ ከአየር መንገዱ በኢንተርኔት ገዛች። በዚያው ምሽት ካህኑ ቀኑን ሲጠይቋት፣ አርባውን የቈጠረችው እናቷ ካረፉበት ቀን ሳይሆን መርዶ ከሰማችበት ቀን ጀምራ እንደ ነበረ ታወቀ። እንደ ገዛችው ብትሄድ ኖሮ፣ ከፍትሐቱ በኋላ በማግስቱ ልትደርስ ነበር። 24 ሰዓቱ ሳይሞላ ሰረዘችው፤ ገንዘቡም ሳይጐድል ተመለሰላት፤ በትክክለኛው ቀንም ሌላ ቈረጠች።

ይህን ሁለተኛውን ትኬት ስትገዛ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ፓስፖርቷን ከፍታ ስሟን ስትጽፍ ባየሁ ጊዜ፣ እኛ ሁላችን ለዓመታት ስንጠራት የኖርንበት ስም እናቷ ያወጡላት የቤት ስም እንጂ የመዝገብ ስሟ እንዳልነበረ አወቅሁ። በዚያ ሌሊት ያስያዝንላት መቀመጫ በቤት ስሟ ነበር።