ሐይቁ በአንድ ክፈፍ አይገባም፦ ከሚኒያፖሊስ ዳርቻ እስከ ወንጪ አፋፍ

የሚኒያፖሊስ ስም ግማሹ ውኃ ነው። «ሚኒ» በዳኮታ ሕዝብ ቋንቋ ውኃ ማለት ሲሆን፣ «ፖሊስ» ደግሞ ከተማ የሚል ፍቺ ያለው የግሪክ ቃል ነው። ስሙ አያጋንንም፤ በከተማዋ ውስጥ በእግረኛና በብስክሌት መንገድ የተያያዙ ሐይቆች አሉ። ከእነዚህ ትልቁ፣ እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ድረስ በባርነት ተሟጋቹ ፖለቲከኛ በጆን ካልሁን ስም ሲጠራ ቆይቶ ወደ ጥንተ ስሙ የተመለሰው ብዴ ማካ ስካ ነው። ከሐይቁ ማዶ የከተማዋ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎች ተደርድረው ስለሚታዩ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ዳርቻው ካሜራ በያዙ ሰዎች ይሞላል።

የሌለው ተራራ ነው። ብዴ ማካ ስካ ከባሕር ጠለል በላይ 260 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል፤ የመላው ሚኒሶታ ከፍተኛ ነጥብ እንኳ 701 ሜትር ብቻ ነው። በአምቦና በወሊሶ መካከል፣ በጠፋ እሳተ ገሞራ አናት ላይ የተኛው የወንጪ ሐይቅ ግን የውኃው ወለል ብቻ ከ2,800 ሜትር ይበልጣል። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል መንትያ ከተሞች ከሚኖሩት በርካታ ኢትዮጵያውያን መካከል ለገና ወይም ለክረምት ዕረፍት አገር ቤት የሚገባ ሰው ወንጪን ለማየት የሚያገኘው ብዙ ጊዜ አንዲት ቀን ናት። በደጁ ባለው ሐይቅ የተለማመደው የፎቶግራፍ ጥበብ እዚያ ሲደርስ በከፊል ይረዳዋል፣ በከፊል ደግሞ ያሳስተዋል።

ፓኖራማ ሰፊ ፎቶግራፍ ብቻ ተደርጎ መታሰቡ የመጀመሪያው ስሕተት ነው። ቃሉ በ18ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ ከሠዓሊው ሮበርት ባርከር ክብ ሥዕሎች ጋር የመጣ ሲሆን፣ በ1840ዎቹ ፍሬድሪክ ቮን ማርተንስ ፓሪስ ውስጥ ሌንሱ የሚዞር ካሜራ ሠርቶ 150 ዲግሪ ያህል እይታ በአንድ የብረት ሰሌዳ ላይ አስቀረ። ዛሬ ያንን መዞር የሚተካው ተከታታይ ፎቶግራፎችን አንሥቶ በሶፍትዌር ማያያዝ ነው። ዘዴው ቢለወጥም ሕጉ አልተለወጠም፦ ካሜራው መዞር ያለበት በአንድ ነጥብ ላይ ነው፤ ነጥቡም ብርሃን በሌንሱ ውስጥ የሚያልፍበት ቀዳዳ ከፊት ሲታይ ያለ የሚመስልበት ቦታ ነው።

ይህ ነጥብ ለምን ያን ያህል ያስጨንቃል? ስልኩን ይዞ ክንዱን ዘርግቶ የሚዞር ሰው፣ ሌንሱ ከአከርካሪው ግማሽ ሜትር ያህል ስለሚርቅ፣ በየ19 ዲግሪው ሌንሱን 16 ሳንቲ ሜትር ያህል ከቦታው ያንሸራትተዋል። ጥንቃቄ የሚያደርግና መንሸራተቱን ወደ 5 ሳንቲ ሜትር የሚያወርድ ሰው እንውሰድ። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ካሜራውን በቁመት አቁሞ ሲያነሣ፣ እያንዳንዱ ፎቶግራፍ በአግድም 27 ዲግሪ ይሸፍናል። ስፋቱ 4,000 ፒክስል ከሆነ፣ በሁለት ሜትር ርቀት ላይ ያለ ቁጥቋጦ ከአንዱ ፎቶግራፍ ወደ ሌላው 212 ፒክስል ያህል ይዘላል። በሁለት ኪሎ ሜትር ርቀት ያለው የማዶ ገደል ግን የሚንቀሳቀሰው አንድ አምስተኛ ፒክስል ብቻ ነው። ስለዚህ አፋፍ ላይ ቆሞ ሩቁን ብቻ የሚያነሣ ሰው ውድ መሣሪያ ሳይገዛ መልካም ውጤት ሊያገኝ ይችላል። ቅርብ ያለ አለት ወይም አበባ በክፈፉ ውስጥ ማስገባት የሚሻ ግን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያና የሌንሱን ነጥብ በመዞሪያው ማዕከል ላይ የሚያውል ተንሸራታች ሐዲድ ያስፈልገዋል።

ይህን ለመለማመድ መንትያዎቹ ከተሞች እጅግ የሚመቹ ናቸው፤ ክረምቱም ሌላ ዕድል ይከፍታል። ሐይቆቹ ሲበርዱ ፎቶግራፍ አንሺው በሐይቁ መካከል ቆሞ ሙሉ 360 ዲግሪ ማንሣት ይችላል፤ ወንጪ ላይ በጀልባ እንጂ በእግር የማይሞከር ነው። የሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ለእግረኛ የሚመክረው ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጥርት ያለ አዲስ በረዶ ነው፤ ፍጹም አስተማማኝ በረዶ የለም ብሎም ያስጠነቅቃል። 180 ዲግሪ ለመሸፈን፣ እያንዳንዱ ፎቶግራፍ ከጎረቤቱ ጋር አንድ ሦስተኛ ያህል ቢደራረብ፣ ዘጠኝ ወይም አሥር ፎቶግራፎች ይበቃሉ። የብርሃን መጠን፣ የቀለም ሚዛንና ትኩረት አንዴ ተወስነው መቆለፍ አለባቸው፤ በራሱ እንዲወስን የተተወ ካሜራ ሰማዩን ጥላና ፀሐይ እንደተፈራረቁበት ጨርቅ ያደርገዋል።

የሚያሳስተው ብርሃኑ ነው። ሚኒያፖሊስ ከምድር ወገብ በ45 ዲግሪ፣ ወንጪ ደግሞ በዘጠኝ ዲግሪ አካባቢ ይገኛሉ። በታኅሣሥ ወር ፀሐይ ከአድማስ በስድስት ዲግሪ ከፍታ ላይ ሳለች ጀምራ እስክትጠልቅ ሚኒያፖሊስ ውስጥ 41 ደቂቃ ያህል ይፈጅባታል፤ ወንጪ ላይ 27 ያህል። በዚያ ላይ ሐይቁ በገደል የተከበበ ነው። ከውኃው 500 ሜትር ከፍ ያለ አፋፍ በሁለት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ቢቆም፣ ፀሐይ ገና 14 ዲግሪ ከፍታ ላይ ሳለች ታችኛው ውኃ ይጠላል። በሜዳው ሐይቅ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ የለመደ ሰው፣ እዚህ ከአንድ ሰዓት በፊት ዘግይቷል ማለት ነው። ንጋትም እንዲሁ ነው፤ ምሥራቃዊው አፋፍ ብርሃኑን ያዘገየዋል፤ ምዕራባዊው ግድግዳ ሲያበራ ሥሩ ገና ጨለማ ነው። ለዚህ ልዩነት ሁለት ሦስት የተለያየ የብርሃን መጠን ያላቸውን ዙሮች ማንሣት ይረዳል።

ብዙዎች የውኃውን ነጸብራቅ ለመቀነስ የሚጠቀሙበት ፖላራይዘር ማጣሪያ ለፓኖራማ መነሣት አለበት። የሰማዩ ብርሃን ከፀሐይ በ90 ዲግሪ ርቀት ላይ ከሌላው ቦታ ይበልጥ የተሰለፈ በመሆኑ፣ ማጣሪያው በሰፊ ሰማይ ላይ አንድ ጥቁር ሰማያዊ ቀበቶ ያወጣል። ተራራ ላይ ቀጭኑ አየር ሰማዩን በራሱ ስለሚያጠቁረው ጉዳቱ ይጎላል።

ሶፍትዌሩ ደግሞ ውኃን አይወድም። ፎቶግራፎችን የሚያያይዘው በሁሉም ላይ የማይንቀሳቀሱ ነጥቦችን ፈልጎ ነው፤ ማዕበል በሁለት ሰከንድ ውስጥ መልኩን ይለውጣል። ስለዚህ በሚደራረበው ክፍል ውስጥ የባሕር ዳርቻ፣ ዛፍ ወይም የደሴቲቱ ጫፍ መግባት አለበት። የወንጪን ደሴት ቂርቆስ ገዳም ለዚህ መልሕቅ አድርጎ መጠቀም ይቻላል።

ይህ ሁሉ ድካም ለግድግዳ ጌጥ ብቻ ቢሆን አይጠይቅም ነበር። በ1868 እ.ኤ.አ. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር በአሸንጌ ሐይቅ በኩል ሲያልፍ ፎቶግራፍ አንሺ መሐንዲሶች አብረውት ነበሩ። ያነሧቸውን ፎቶግራፎች፣ የጌንት ዩኒቨርሲቲው ያን ኒሰን፣ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ምትኩ ኃይሌ፣ የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስትና ባልደረቦቻቸው ከ140 ዓመት በኋላ በየቦታው ቆመው ደግመው በማንሣት አነጻጸሯቸው። በ2009 ያሳተሙት ጥናት የብዙዎችን ግምት የሚያፈርስ ነበር፦ በሰሜን ኢትዮጵያ የዕፅዋት ሽፋን ከ1868 የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ፎቶግራፉ ባይኖር ኖሮ ክርክሩ በትዝታ ላይ ብቻ ይቆም ነበር።

በሐረር አቅራቢያ ያለው የሐሮማያ ሐይቅ በ2000ዎቹ አጋማሽ ደርቆ፣ ከዓመታት በኋላ ውኃ መልሶ ያዘ። ወንጪንም በ2021 የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ መርጦታል፤ መንገድና ማረፊያም ተገንብቶበታል። ዛሬ የሚታየው ዳርቻ ከሃያ ዓመት በኋላ እንዲህ ላይሆን ይችላል።

ፓኖራማው ለዚያ ጊዜ እንዲያገለግል፣ የተጣበቀውን ምስል ብቻ ሳይሆን ያልተነኩትን ዘጠኝ ፎቶግራፎች ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ማያያዝ ቅርጽ ያጣምማል፣ ማጣመሙም አይገለበጥም። ከእነርሱ ጋር የቆሙበት ነጥብ በጂፒኤስ፣ የሌንሱ ከፍታ ከመሬት፣ የሌንሱ ርዝመት፣ ቀኑና ሰዓቱ በአንድ የጽሑፍ ፋይል ቢቀመጡ፣ ወደፊት ሌላ ሰው እዚያው ቆሞ ያንኑ ማንሣት ይችላል።