መርከቡ ሲቆም የት እንውረድ?

ሆላንድ ወይም ቤልጅየም ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ በሚያዝያ “ኑ፣ በወንዝ መርከብ አበባ እናሳያችሁ” ብትባሉ እሺ በሉ። ጉዞው ብዙውን ጊዜ ከአምስተርዳም ተነስቶ ሳምንት ያህል በወንዝና በቦይ ዞሮ እዚያው የሚመለስ ነው። መኝታውም ምግቡም መርከቡ ላይ ስለሆነ በየቀኑ ሻንጣ ማሰር የለም። ለእኛ ዕድሜ የሚከብደው ወርዶ መጎብኘቱ ነው። ልጆቻችን ገንዘብ አውጥተዋልና ሁሉንም እንድናይላቸው ይፈልጋሉ፤ ጉልበታችን ደግሞ የራሱ ሐሳብ አለው።

ከሁሉ በፊት ኩከንሆፍን እዩ። ሊሰ ከተማ የሚገኘው ይህ መናፈሻ 32 ሄክታር ስፋት አለው። ሽንኩርት የሚመስለው የቱሊፕና የሌሎች አበቦች ሥር በየዓመቱ 7 ሚሊዮን ያህል ይተከልበታል። የሚከፈተው ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት መጀመሪያ፣ ለስምንት ሳምንት ገደማ ብቻ ነው። ሁሉንም በእግር ልዙር ማለት አያዋጣም። ተሽከርካሪ ወንበር ስለሚገኝ ልጆች አስቀድመው ይጠይቁ፤ እናንተም “እኔ ገና ነኝ” ብላችሁ አትኩሩ።

እኔ ግን ከኩከንሆፍ ይልቅ ለአልስሜር የአበባ ሐራጅ አደላለሁ። እኛ አገር ጨረታ ከታች ወደ ላይ ይወጣል፤ እዚያ ዋጋው ከላይ ጀምሮ ይወርዳል፤ ቀድሞ ቁልፉን የተጫነ ይገዛል። ጎብኚ ከፍ ካለ መተላለፊያ ላይ ሆኖ አበባ የጫኑ ጋሪዎች ከታች ሲተራመሱ ያያል። የኢትዮጵያ ጽጌረዳም ወደዚህ ገበያ ይገባል። ልጇ ዝዋይ አበባ ስትቆርጥ የምትውል እናት ይህን ብታይ ምን ትል ይሆን? መሄድ ያለባችሁ በሥራ ቀን፣ በማለዳ ነው፤ ረፈድ ካለ ሥራው አልቆ ትደርሳላችሁ።

ኪንደርዳይክም አያስቆጭም። 19 የነፋስ ወፍጮዎች በውኃ ዳር ተሰልፈዋል፤ አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. በ1740 አካባቢ የተሠሩ ናቸው። ወፍጮ ይባሉ እንጂ ሥራቸው እህል መፍጨት ሳይሆን ዝቅ ካለው መሬት ውኃ መቅዳት ነበር። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1997 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። መንገዱ ሜዳ ስለሆነ ለጉልበት ይመቻል፤ ነፋሱ ግን ይበርዳል፤ ጋቢ ቢጤ ያዙ። ወፍጮው ውስጥ ያለው ደረጃ መሰላል ነው ማለት ይቻላል፤ እሱን ለልጅ ልጆች ተዉላቸው።

እንደ ብሩዥ ያሉት የቤልጅየም ከተሞች ውብ ናቸው፤ የመንገዳቸው ድንጋይ ግን እግር ይጠልፋል። ግማሽ ቀን ይበቃል።

በነርስነት ዘመኔ ደጋግሜ ያየሁትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለባቸው አዛውንቶች መንገድ ሲወጡ “ሽንት ቤት ባጣስ” ብለው ውኃ አይጠጡም፤ ሽንት የሚያሸናውን ክኒንም ይዘላሉ። አደገኛ ነው። የምትወስዱበት ሰዓት ይቀየር እንደሆነ ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ በራሳችሁ ግን አታቋርጡ። መድኃኒታችሁ ከእጅ ቦርሳችሁ አይለይ። ስኳር ያለባችሁ አዲስ ጫማ ለጉዞው ብላችሁ አታድርጉ፤ ማታ ማታ እግራችሁን መርምሩ።

ወቅቱ ከዐቢይ ጾም ጋር ሊገጥም ስለሚችል፣ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበት ምግብ እንደምትፈልጉ ልጆቻችሁ ቦታ ሲይዙ ያስመዝግቡ። በዚያው ስልክ ቀስ ብለው ለሚራመዱ ሰዎች የተለየ የጉብኝት ቡድን እንዳለም ይጠይቁላችሁ፤ አንዳንድ መርከቦች አላቸው።