«ውጡ» ስለተባለ ብቻ ከቤት አይወጣም!

ለመሆኑ ጠበቃ የማን ነው? በአቻ ለአቻ ውይይት ላይ ይህን ጥያቄ ሳነሳ መልሱ ከየአቅጣጫው አንድ ዓይነት ነው፤ «ብር ያለው ሰው ነዋ!» ትላላችሁ። እኔ ሶሲዮሎጂ ተምሬ አዲስ አበባ ውስጥ በሶሻል ወርከርነት የምሠራ ነኝ። ቤታቸው የምሄድባቸው አብዛኞቹ ወገኖች ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ፣ ወይም በዚሁ ምክንያት ወላጆቻቸውን ያጡ ናቸው። ስለ ነጻ የሕግ ድጋፍ የምጽፈው ሕግ ስለተማርኩ ሳይሆን፣ ሰዎችን ይዤ ድጋፍ ሰጪዎቹ በር ላይ ወረፋ ስለምጠብቅ ነው።

ቤትና ኤች.አይ.ቪ ምን አገናኛቸው የሚል ይኖራል። የፀረ-ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት በአገራችን በነጻ መሰጠት ከጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ፣ መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ ሰው ሠርቶና ልጅ አሳድጎ መኖር ችሏል። መድኃኒቱ ግን በየቀኑ ሰዓቱን ጠብቆ የሚወሰድ ነው። ዛሬ አክስት ቤት፣ ነገ ጎረቤት ቤት የሚያድር ሰው ብልቃጡን የት ያስቀምጠው? ሰው እንዳያይብኝ እያለ ሳይውጥ የሚያድርበት ቀን ይበዛል። በእኔ ሥራ የቤት ጉዳይ የጤና ጉዳይ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ታዲያ ሰዎች ቤታቸውን የሚያጡት በፍርድ ቤት ውሳኔ ይመስላችኋል? እኔ የማገኛቸው አብዛኞቹ የወጡት በአፍ ነው። አንዲት እናት ባሏ ሞቶ አርባው እንደወጣ የባሏ ወንድሞች መጡባት። «ካርታው በወንድማችን ስም ነው፤ አንቺ በሽታሽን ይዘሽ ወደመጣሽበት ሂጂ» አሏት። ዳኛም ፖሊስም አልመጣም፤ አንድ ወረቀት እንኳ አልተጻፈም። እሷ ግን ጎረቤት እንዳይሰማ ብላ ሁለት ልጆቿን ይዛ ልትወጣ ልብሷን በፌስታል ማሰር ጀምራ ነበር። «እና ምን ላድርግ? ካርታው በስሙ ነው እኮ» አለችኝ።

ይዣት የሄድኩበት የነጻ ሕግ ድጋፍ ማዕከል ያገኘናት ጠበቃ መጀመሪያ የነገረቻት አንድ ነገር ነው፤ «ከቤቱ አትውጪ፣ ምንም ነገር ላይም አትፈርሚ።» ከዚያ ሕጉን በሰው ቋንቋ አስረዳቻት። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ጊዜ የተፈራ ንብረት የጋራ ነው ይላል። ካርታው በአንዱ ስም ብቻ ቢሆንም እንኳ፣ የግሌ ነው የሚለው ወገን እስካላስረዳ ድረስ እንደ ጋራ ይቆጠራል። ስለዚህ የቤቱ ግማሽ ከመጀመሪያውም የእሷ ነው እንጂ ውርስ አይደለም! ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሚስት በሕግ የባሏ ወራሽ አይደለችም ሲባል ሰምተው ባዶ እጇን የምትወጣ ይመስላቸዋል። የሟቹ ግማሽ ደግሞ ኑዛዜ ከሌለ የሚሄደው ለልጆቹ ነው። በጋብቻም ይወለዱ ከጋብቻ ውጪ፣ ወንድም ይሁኑ ሴት፣ እኩል ይወርሳሉ። ልጆች እያሉ ወንድሞች የውርስ ተራ አይደርሳቸውም።

«የጋብቻ ወረቀት የለንማ!» የምትሉ ትኖራላችሁ። ሽማግሌ ተልኮ፣ ድግስ ተደግሶ የተጋቡ ሰዎች ወረቀት ባይኖራቸውም ባልና ሚስት ሆነው መኖራቸውን በምስክር ማስረዳት ይችላሉ። ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብረው የኖሩም ቢሆኑ፣ አብሮነቱ ከ3 ዓመት ያላነሰ ከሆነ በዚያ ጊዜ ያፈሩት ንብረት የጋራ ይሆናል። ይህ የፌዴራሉ ሕግ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው ባሕር ዳር ወይም ጅማ ያላችሁ እዚያው መጠየቅ አለባችሁ።

ባል በሕይወት ኖሮ «ደምሽን ተመርምረሽ መጥተሽ፣ ውጪልኝ» የሚልበት ጉዳይም ይገጥመኛል። ተገላቢጦሹም አለ፤ ሚስት ያባረረችው ወንድ አውቃለሁ። የፍቺ ጥያቄ ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ ወዲያውኑ ስለ ቀለብ፣ ስለ ልጆች አያያዝና ስለ ንብረቱ ጊዜያዊ ትእዛዝ ይሰጣል። ከጋራ ቤቱ ማን ይውጣ የሚለውን ሲወስንም የልጆቹን ጥቅምና በመውጣቱ ይበልጥ የሚጎዳውን ወገን ሁኔታ እንዲያይ ሕጉ ያዘዋል። አንዱ ወገን የጋራ ቤቱን ከሌላው ተደብቆ ቢሸጠው፣ ሌላው ባወቀ በ6 ወር ውስጥ ከሶ ውሉን ማስፈረስ ይችላል፤ ውሉ ከተደረገ 2 ዓመት ካለፈው ግን በቃ፣ አለፈ። በጉልበት ከያዘው ቤት የተባረረ ሰው «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ የሚከስበት ጊዜም 2 ዓመት ነው። ጊዜው ሳይታወቅ ያልፋል። ሰው መጀመሪያ የዘመድ ሽምግልናውን፣ ቀጥሎ ጸበሉን፣ ቀጥሎ «ፈጣሪ ይፍረድ»ን ጨርሶ ጠበቃ ጋ ሲመጣ ሁለት ዓመት ምን አላት? ሽምግልናው ጥሩ ነው፤ እየተሸማገሉ ጠበቃ መጠየቅ ግን ማንም አልከለከለም።

ተከራይ የሆኑትን በተመለከተ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ነገሩን ለውጦታል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። አከራይ መድኃኒት አየሁ ብሎ «እስከ ነገ ልቀቅ» ማለት አይችልም። የቀበሌ ቤት ግን ሌላ ነው፤ ባለቤቱ መንግሥት ስለሆነ እንደ ግል ቤት አይወረስም። ጠበቃው መጀመሪያ የሚጠይቀውም የማን ስም በቤቱ ፋይል ላይ ተመዝግቧል የሚለውን ነው።

እናንተን ወጣቶችን በቀጥታ ወደሚነካው ልምጣ። ወላጆቻቸው ሞተው ታናናሾቻቸውን ይዘው የቀሩ ልጆች አሉ። አጎት «ሞግዚታቸው እኔ ነኝ» ብሎ ቤቱን ያከራያል፣ ብሩን ይበላል፣ አንዳንዴም ሊሸጥ ይነሳል። ሞግዚት መሆን ግን ባለቤት መሆን አይደለም፤ የአካለ መጠን ያላደረሰ ልጅን ቤት ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ መሸጥ አይቻልም። ወላጅ የሾመው ሰው ከሌለ ሕጉ ለሞግዚትነት ቅድሚያ የሚሰጠው ለአያቶች ነው፤ እነሱ ከሌሉ 18 ዓመት ለሞላቸው ወንድሞችና እህቶች፤ አጎትና አክስት ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። ይህን ስነግራት ክው ብላ የቀረች የ19 ዓመት ልጅ አስታውሳለሁ። «እኔ? እኔ እችላለሁ?» አለች። አዎ፣ ትችይ ነበር! አሁን የሁለት ወንድሞቿ ሞግዚት እሷ ናት።

አሁን ወደ ጠበቃው ጥያቄ ልመለስ። በወንጀል ተከስሶ ጠበቃ ማቆም ያልቻለ ሰው፣ ፍትሕ የሚጓደልበት ከሆነ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ሕገ መንግሥቱ መብት ሰጥቶታል። በቤትና በቤተሰብ ክርክር እንዲህ ያለ ሕገ መንግሥታዊ ዋስትና ስለሌለ ነው ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚያስፈልገው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለሴቶች በነጻ ሲያማክርና ሲከራከር ኖሯል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ሕግ የውጭ ገንዘብ በመገደቡ ሥራው በጣም ቀንሶ ነበር፤ ያ ሕግ የተሻረው በ2011 ዓ.ም. ነው። የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች፣ ለምሳሌ የአዲስ አበባ፣ የጅማ፣ የሐሮማያ፣ የሐዋሳና የባሕር ዳር፣ መምህራንና ተማሪዎች የሚሠሩባቸው የነጻ ድጋፍ ማዕከላት አቋቁመዋል። አንዳንዶቹ ፍርድ ቤት ግቢ ውስጥ ናቸው። ስለ ዳኝነት ክፍያም አትጨነቁ። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መክፈል የማይችል ሰው አቅም ማጣቱን በቃለ መሐላ አረጋግጦ «በደሃ ደንብ» እንዲከስ ይፈቅዳል።

ትልቁ እንቅፋት ግን ብር አይመስለኝም፤ ፍርሃት ነው። «ፍርድ ቤት ከሄድኩ ቫይረሱ እንዳለብኝ ሰው ፊት ይነበባል» ብለው ቤታቸውን የተዉ ሰዎች አጋጥመውኛል። የንብረት ክፍፍል ወይም የውርስ ክስ ለማቅረብ የደም ምርመራ ውጤት አያስፈልግም። ማመልከቻው ላይ የሚጻፈው ጋብቻው፣ ንብረቱና ልጆቹ ናቸው። ጠበቃም የደንበኛውን ምሥጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። እኔም ወደ ማዕከሉ ስሸኛቸው ደብዳቤው ላይ ሁኔታቸውን አልጽፍም።

ነገሩ ቀላል ነው እያልኩ አይደለም። ቀጠሮው ይረዝማል፤ ለታክሲ ብር እያጡ የሚቀሩ አሉ። ከተፈረደ በኋላም አፈጻጸም የሚባል ሌላ ዙር አለ። ከላይ ያነሳኋት እናት ግማሹ የእሷ፣ ግማሹ የልጆቿ ነው ተብሎ ተወስኖላት ቤቷ ውስጥ ነች። የባሏ ወንድሞች ግን እስካሁን ሰላም አይሏትም፤ ያንን ደግሞ ጠበቃ አይፈታውም።

ወደ ማዕከሉ የሚሄድ ሰው መታወቂያውን፣ ካለው የጋብቻና የልጆች ልደት ወረቀት፣ የቤት ካርታ ወይም የኪራይ ውል ኮፒ፣ ሰው ሞቶ ከሆነ የሞት ማስረጃ፣ እንዲሁም አቅም እንደሌለው ከወረዳው የተጻፈ ደብዳቤ ይያዝ። የመብራትና የውሃ ደረሰኝ፣ የሠርግ ፎቶ፣ የዕድር ደብተር እንኳ ይጠቅማል። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ኑሯቸውን የሚያውቁ ጎረቤቶችን ስም ጽፎ ይሂድ። ጠዋት በጊዜ ቢሄድ ይሻላል፤ ከሰዓት በኋላ ወረፋው ይበዛል።