ድንኳን፣ ዝናብና የከሰል እሳት

ዝናብ ራሕመት ነው። ገበሬው ዐይኑን ወደ ሰማይ አቅንቶ የሚጠብቀው፣ ሰውም ከብትም የሚኖርበት ጸጋ ነው። ይሁንና ሕፃናት ይዞ፣ ድንኳን ጭኖ መንገድ የገባ ሰው ካልተዘጋጀበት ያው ራሕመት ፈተና ይሆንበታል። ውድ አንባቢያን፣ ይህን የምጽፈው በቤተሰቤ ላይ ደርሶ ስላየሁት ነው።

ጊዜው ሐምሌ 2010 ዓ.ም ነበር። እኔ፣ ባለቤቴና ሦስት ልጆቻችን ከአዲስ አበባ ተነስተን፣ በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር አድርገን፣ በየመንገዱ እያደርን ጎንደር ገባን። ልጆቹ የሰሜን ተራሮችን ለማየት ዓመቱን ሙሉ ሲጎተጉቱኝ ከርመዋል። ወቅቱ ክረምት መሆኑን ባውቅም ትምህርት ቤት የሚዘጋው ያኔ ነውና «ምን ይመጣል?» ብዬ ተነሳሁ።

በዚያ አካባቢ ዋናው ዝናብ የሚዘንበው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። እርጥበት ያዘለው ነፋስ ወደ ተራራው ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝም ደመና ይሆናል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ጠዋት ብራ የነበረው ሰማይ ከቀትር በኋላ ይጠቁራል። እኛም ከጎንደር ስንነሳ ፀሐይ ነበረች። አምባ ጊዮርጊስን አልፈን ዳባት ስንደርስ ግን ጉሙ መንገዱን ሸፈነው። አንድ ሻይ ቤት ገብተን ሻይ ጠጣን፤ ዙህርና ዐስርንም እንደ መንገደኛ አሳጥረን አንድ ላይ ሰገድን። የሻይ ቤቱ ባለቤት የሆኑ እናት ልጆቹን አይተው «ልጄ፣ ዛሬስ ደባርቅ እደሩ። ላይ የተራራው ብርድ ለሕፃን አይሆንም» አሉኝ። እኔ ግን ፕሮግራማችን እንዳይዛነፍ ብዬ ምክራቸውን ሳልሰማ ቀረሁ።

ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ዋልያ፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚገኙበት፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለው እዚህች ከተማ ነው። ክፍያችንን ፈጽመን፣ እስካውት ተመድቦልን ወደ ሳንቃ በር ወጣን። ደባርቅ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ሳንቃ በር ደግሞ ከ3,200 ሜትር ያልፋል።

ድንኳኑን ተክለን ሳንጨርስ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደብን። ውሃው ከሥር ገብቶ ፍራሹንም ልብሱንም አራሰው። ሲመሽ የአምስት ዓመቷ ልጃችን ክፉኛ ትንቀጠቀጥ ጀመር። ትንሽ ቆይታ መንቀጥቀጧን አቆመች፤ ንግግሯ ተኮላተፈ፤ ዐይኗም ይከደን ጀመር። እኔ ሞቃት መስሎኝ «አልሐምዱ ሊላህ» አልኩ። ይበልጥ እንዲሞቃት ብዬም ቡና ያፈላንበትን የከሰል ምድጃ አንስቼ ወደ ድንኳኑ አመራሁ።

እስካውቱ ሮጦ መጥቶ እጄን ያዘኝ። «ጋሼ፣ ከሰሉን አያስገቡት! ዘግታችሁ ከተኛችሁ አትነሱም» አለኝ።

እውነቱን ነበር። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያግዳል፤ ራስ ያሳምማል፣ ያጥወለውላል፣ ከዚያም የተኛውን እንደተኛ ይገድላል። የልጃችንም መንቀጥቀጥ መቆሙ የመሞቅ ምልክት አልነበረም። ሰውነት ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ እየደከመ ይሄዳል፤ መንቀጥቀጥ ሲያቅተው አደጋው ብሷል ማለት ነው።

ልጆቹን ወደ መኪናው አስገባን። የትንሿን እርጥብ ልብስ አወለቅን፤ ራሷን አደረቅን። እስካውቱ የራሱን ደረቅ ጋቢ ሰጠን። እናቷ ደረቷ ላይ አቅፋ በጋቢው ተጠቀለለች። ልጅቷ ነቃ ብላ መዋጥ ስትችል ስኳር የበዛበት ሞቅ ያለ ወተት ሰጠናት። ሰዓት ያህል ቆይታ እንደገና ተንቀጠቀጠች፤ ከዚያም «አባ፣ ጭላዳዎቹስ የት አሉ?» አለች። ያን ጊዜ እንባዬ መጣ። ሌሊቱን ሞተር አጥፍተን መኪናው ውስጥ አደርን፤ ሲነጋ ደባርቅ ወርደን ሐኪም አየልን።

እናንተም በክረምት እንዲህ ያለ ጉዞ ካሰባችሁ፣ አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ሙሉ ቅያሪ ልብስ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ያዙ፤ ከመኝታ ሰዓት በፊትም አትንኩት። ሁለተኛ፣ ድንኳን ከጉድጓድና ከውሃ መውረጃ ርቃችሁ ትከሉ፤ ነጎድጓድ ከሰማችሁ ከዛፍ ሥር ሸሽታችሁ መኪና ውስጥ ግቡ። ሦስተኛ፣ ከሰልም ሆነ ሌላ እሳት ወደ ድንኳን አታስገቡ። አራተኛ፣ ሕፃን ከብርድ የተነሳ ከፈዘዘ ሳትዘገዩ ወደ ሕክምና ውሰዱት። አካባቢው በ2013 ዓ.ም ክረምት ጦርነት እስከ ዳባት ደርሶበት ብዙ ሰው ያለቀበት ነውና፣ ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ጠይቁ።

ከሁሉም በላይ የአገሬው ሰው «እዚህ እደሩ» ሲላችሁ እደሩ። ሻይ የቀዱልን እናት ተራራውን ከእኔ ይልቅ ያውቁት ነበር። ፕሮግራም ለነገ ይተላለፋል፤ ልጅ ግን አይተካም። አላህ መንገዳችሁን የሰላም ያድርግላችሁ።