የታመመ ጨጓራና የማዕዳችን ምርጫ

ሰኞ ቀን ወደ ባቲ ገበያ የሚወርደውን አንድ ገበያተኛ በሐሳባችን እንመልከተው። ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ አፋሩ ከግመሎቹ ጋር፣ ኦሮሞውና አማራው ከእህላቸውና ከከብታቸው ጋር የሚገናኙባት የገበያ ከተማ ናት። ይህ ገበያተኛ ጎሕ ሳይቀድ እህል ሳይቀምስ ከቤቱ ይወጣል፤ ረኃቡን በቡና ያታልላል፤ ማታ ሲመለስም በርበሬ የበዛበትን ወጥ እስኪጠግብ ይበላና ወዲያው ይተኛል። እኩለ ሌሊት ላይ ጨጓራው እንደ እሳት ሲያቃጥለው፣ «በርበሬው ነው የገደለኝ» ይላል። እውነት በርበሬው ነውን? ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ነው።

ብዙ ዘመን ሐኪሞችም ሳይቀሩ የጨጓራ ቁስል ከብስጭትና ከሚያቃጥል ምግብ የሚመጣ ይመስላቸው ነበር። ነገር ግን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1982 ዓ.ም. ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የተባሉ ሁለት የአውስትራሊያ ሐኪሞች ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለውን ባክቴሪያ ከሕመምተኞች ጨጓራ ወስደው ማራባት ቻሉ። ማርሻል በ1984 ዓ.ም. ባክቴሪያው ያለበትን ፈሳሽ ራሱ ጠጥቶ የጨጓራ ብግነት ያዘው። ሁለቱም በ2005 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ይህ ባክቴሪያ የጨጓራን ግድግዳ የሚጠብቀውን ሽፋን ያደክማል፤ ያን ጊዜ ምግብን ለመፍጨት የተሰጠን አሲድ ተመልሶ የገዛ ሥጋችንን ያቆስላል። ሁለተኛው ታላቅ የቁስል ምክንያት ደግሞ እንደ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ያሉትን የሕመም ማስታገሻዎች አዘውትሮ መዋጥ ነው።

ስለዚህ በርበሬ የቆሰለውን ያስቆጣ ይሆናል እንጂ ቁስሉን የፈጠረው እርሱ አይደለም። ከዚህም የተነሣ ምግብን በመለወጥ ብቻ ቁስል ይድናል ብሎ መጠበቅ ስሕተት ነው። ወተት ለጊዜው ያበርዳል፤ ጥቂት ቆይቶ ግን አሲዱን መልሶ ያነሣሣዋል። ተልባም መልካም ምግብ ነው፤ ባክቴሪያውን ግን አይገድልም። መርምሮ ባክቴሪያውን ያገኘ ሐኪም ብዙውን ጊዜ ለ14 ቀን የሚወሰዱ ልዩ ልዩ መድኃኒቶችን በአንድነት ያዝዛል። ሕመሙ ቀለል አለልኝ ብሎ በአምስተኛው ቀን የሚያቋርጥ ሰው ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንዲለምድ ያደርገዋል።

መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም የማቃጠልና የመነፋት ስሜት ዓመታት ሙሉ የሚመላለስባቸው ብዙ ናቸው። የማዕድ ጥበብ የሚያስፈልገው ለእነዚህ ነው። ይህም ጥበብ ከሩቅ አገር የሚመጣ አይደለም። ገበያተኛችን ከቤቱ ሳይወጣ ጥቂት የገብስ ገንፎ ወይም የአጃ አጥሚት ቢቀምስ፣ በመንገድም ሙዝ ቢይዝ፣ ቡናውን በባዶ ሆድ ባይጠጣ፣ ከአቦል እስከ በረካ መጠጣቱን ትቶ በአንድ ስኒ ቢወሰን፣ ማታም ከቀዩ ወጥ ይልቅ አልጫ ክክ ወይም ድንችና ካሮት በመጠኑ በልቶ ከመተኛቱ በፊት ሁለት ሦስት ሰዓት ቢቆይ፣ ሌሊቱ ሌላ ሌሊት ይሆንለታል። አልኮልንና ትምባሆን ግን ፈጽሞ ቢተዋቸው ይሻለዋል።

ሁሉም ሆድ አንድ አይደለም። አንዱን እንጀራ ያስቸግረዋል፤ ሌላውን ሽሮ ይነፋዋል፤ ሦስተኛው ሁለቱንም በሰላም ይበላል። ስለዚህ «ይህን ተው፣ ያንን ተው» የሚለውን የጎረቤት ምክር ሁሉ ሰብስቦ የሚከተል ሰው በመጨረሻ ሰውነቱ ይመነምናል። የበላነውን፣ የበላንበትን ሰዓትና የተሰማንን ለጥቂት ሳምንታት ብናስተውል የሚጎዳንን ለይተን እናውቃለን፤ የማይጎዳንንም በምስጋና እንበላለን።

አሁን ደግሞ ብዙ ምእመናን በፍርሃት ስለሚሸሽጉት ነገር እንናገር። በጾም ወራት ሕመሙ ሲጸናባቸው «ብናገር ከጾም የሸሸሁ እመስላለሁ» ብለው እየደሙ ዝም የሚሉ አሉ። ጾም ነፍስን ሊያድን ተሰጠን እንጂ ሥጋን ሊገድል አልተሰጠንም። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለታመመ ሰው ይራራል። በባቲና በከሚሴ አብረውን የሚኖሩ ሙስሊም ወንድሞቻችንም በረመዳን ለሕመምተኛ እንዲሁ ያለ ፈቃድ አላቸው። ሐዋርያው ጳውሎስ ሆዱን ደጋግሞ ይታመም የነበረውን ጢሞቴዎስን እምነት ጎደለህ ብሎ አልነቀፈውም፤ የሚጠጣውን እንዲለውጥ መከረው እንጂ፤ ያም ጥቂት እንዲሆን ነገረው። ዛሬ ሐኪሞች ጨጓራው ለቆሰለ ሰው ወይንን አይመክሩም፤ የሐዋርያው ርኅራኄ ግን አልተሻረም። እንግዲህ ሕመምተኛው ለሐኪሙ የጾሙን ነገር፣ ለንስሐ አባቱም የሕመሙን ነገር ሳይሸሽግ ይንገር። የሰዓቱ ርዝመት ቢቀነስለት፣ የጾሙ ማዕድም አልጫና ገንፎ ቢሆንለት፣ ይህ ድካም አይደለም፤ መታዘዝ ነው።

በመጨረሻ ይህን አትርሱ። ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ ደም ያስታወከ፣ ያለ ምክንያት የከሳ ወይም መዋጥ ያቃተው ሰው የምግብ ምርጫ ሲያማርጥ ሊቆይ አይገባውም፤ ደም የሚፈሰው በዚያው ቀን፣ ሌላውም ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይሂድ። ለራስ ምታት በየጊዜው ኪኒን የሚውጥም ለሐኪሙ ያስታውቅ፤ ሐኪም ያዘዘለትን ግን በገዛ ፈቃዱ አያቋርጥ። እናቶችና እኅቶች ሆይ፤ በቤታችሁ ሕመምተኛ ካለ በርበሬ ሳይገባ ከድስቱ ጥቂት ቀንሱለት፤ ለብቻው እንዲቀመጥ ሳይሆን ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ማዕድ እንዲበላ አድርጉ። ከማዕድ የተለየ ሕመምተኛ ሁለት ጊዜ ይታመማልና።

ማዕዳችንን የባረከ አምላክ ለሕሙማን ምሕረትን፣ ለሁላችንም መጠንን ማወቅ ያድለን፤ አሜን።