በሕፃናት ላይ የሚከሰት አደገኛ የልብ ምት ፍጥነት፦ የድንገተኛ ሕክምናው ቅደም ተከተል

ትኩሳትና የፈሳሽ እጥረት የሕፃናትን የልብ ምት ያፋጥናሉ፤ በዚህ ጊዜ የሚታከመው መንስኤው እንጂ ምቱ አይደለም። ሱፕራቬንትሪኩላር ታኪካርዲያ ግን የራሱ ሕክምና ስላለው ሁለቱን መለየት ቀዳሚ ተግባር ነው። ምቱ በድንገት ጀምሮ፣ ሕፃኑ ቢያለቅስም ቢረጋጋም ሳይለዋወጥ፣ ከአንድ ዓመት በታች በደቂቃ 220፣ ከዚያ በላይ ባሉት ልጆች 180 ከደረሰ ወይም ካለፈና በኤሌክትሮካርዲዮግራም ላይ የተለመደው የፒ ሞገድ ካልታየ ጥርጣሬው ይጠናከራል።

የደም ዝውውሩ ያልተዳከመ ሕፃን በቅድሚያ የቬገስ ነርቭን በሚያነቃቃ ዘዴ ይታከማል፤ በረዶና ውሃ የያዘ ከረጢት አፍና አፍንጫን ሳይሸፍን ፊቱ ላይ ለጥቂት ሰከንዶች ይደረጋል። ዓይንን መጫን ጉዳት ስለሚያስከትል አይፈቀድም። ምቱ ካልተስተካከለ አዴኖሲን በኪሎግራም 0.1 ሚሊግራም (በአጠቃላይ ከ6 ሚሊግራም ሳይበልጥ)፣ ቀጥሎም 0.2 ሚሊግራም (ከ12 ሳይበልጥ) በደም ሥር ይሰጣል። መድኃኒቱ በደም ውስጥ የሚቆየው ለሰከንዶች ብቻ ስለሆነ፣ ለልብ በሚቀርብ ደም ሥር በፍጥነት ተሰጥቶ ወዲያውኑ በኖርማል ሳላይን መገፋት ይኖርበታል። ቀስ ተብሎ የተሰጠ አዴኖሲን ልብ ሳይደርስ ስለሚከስም፣ የአሰጣጡ ስሕተት የመድኃኒቱ ድክመት መስሎ ሊታይ ይችላል። ቬራፓሚል በበኩሉ የደም ግፊትን በአደገኛ ሁኔታ ሊያወርድ ስለሚችል ከአንድ ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት አይመከርም።

የደም ግፊቱ የወረደ ወይም ንቃቱ የቀነሰ ሕፃን ግን ጊዜ አይሰጥም። አዴኖሲን ለመስጠት የተዘጋጀ የደም ሥር መስመር ከሌለ፣ መስመር ፍለጋ ሳይዘገይ ከልብ ምቱ ጋር የተናበበ የኤሌክትሪክ ንዝረት በኪሎግራም ከ0.5 እስከ 1 ጁል፣ ካልተሳካም 2 ጁል ይሰጠዋል።